22ኛ ወጥቶ መመለስ፦ ለልጄ የጻፍኩት ምክር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ቪዛሽ ወጥቶ፣ የምትሄጂበት ቀን ተቆርጦ፣ ሻንጣሽ ሳሎን ቆሞ ሳየው በቃል ልነግርሽ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። እናትሽ ሽሮና በርበሬ ስትቋጥር፣ ዘመድ ሊሰናበትሽ ሲገባና ሲወጣ፣ አባትና ልጅ ረጋ ብለን የምንነጋገርበት ሰዓት አላገኘንም። ስለዚህ ጻፍኩት። ጣሊያን፣ ቦሎኛ ደርሰሽ፣ ክፍልሽን ከያዝሽና እንቅልፍሽን ከጠገብሽ በኋላ አንብቢው። የውጭውን ታሪክ ሳነሳ ዓመቱን በእነሱ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ የእኛን ግን ዓ.ም. ብዬ እለይልሻለሁ።

የጠየቅሽኝ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። «አባዬ፣ ትምህርቴን እየተማርኩ የሴቶች የሞተር ውድድር ውስጥ ብገባ፣ ከወንዶቹ ጋር አልችልም ብዬ እንዳመንኩ አይቆጠርብኝም?» ብለሽኝ ነበር። የዚያን ቀን «እስቲ ላስብበት» አልኩሽ። መልሴ ይኸውና፦ ግቢበት። ያንን ያልኩበትን ምክንያት ግን አንድ በአንድ ማስረዳት ስላለብኝ ትንሽ ታገሺኝ።

በመጀመሪያ ስለ ፍርሃት እንነጋገር። የምትሄጂበት አካባቢ ሰው ስለ ሞተር እያወራ የሚያድግበት ነው። ዱካቲ የሚሠራው እዚያው ቦሎኛ ዳርቻ ቦርጎ ፓኒጋሌ ነው። ወደ ባሕሩ ወረድ ስትዪ ሪሚኒ አጠገብ የሚሳኖ የውድድር ሜዳ አለ። ሜዳው የተሰየመው በማርኮ ሲሞንቼሊ ነው። ሲሞንቼሊ የዚያው አገር ልጅ ነበር፤ በጥቅምት 2011 ማሌዥያ ውስጥ ሴፓንግ ላይ በውድድር መካከል ወድቆ በ24 ዓመቱ ሞተ። እሱ ሲወድቅ ከኋላው የነበሩት ጓደኞቹ ማምለጫ ጊዜ አልነበራቸውም። ይህ ስፖርት ሰው ይገድላል። ይህንን ሳትሸሺው እንድታውቂ እፈልጋለሁ።

አዎ፣ እፈራለሁ። ወንድምሽ «ሞተር ልወዳደር ነው» ቢለኝም በዚሁ ልክ እፈራለታለሁ። ነገር ግን እሱን «ተጠንቀቅ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅህ» ብዬ እሸኘዋለሁ እንጂ በር አልዘጋበትም። ሰሞኑን ቤታችን የመጡት ዘመዶች «ሴት ልጅህን ሞተር ላይ አውጥተህ ምን ልትሆን ነው?» ሲሉኝ የመለስኩላቸው ይህንኑ ነው። ያው ፍርሃት ለወንድ ልጅ ምርቃት ሆኖ ለሴት ልጅ ክልከላ ከሆነ፣ ውስጡ ከፍርሃት ሌላ ነገር አለ።

ያንን ሌላውን ነገር በደንብ ያየሁት በአንዲት እንግሊዛዊት ታሪክ ውስጥ ነው። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው በአይል ኦፍ ማን ደሴት ቲቲ የሚባል የቆየ ውድድር አለ። የተለየ ሜዳ የለውም፤ 60 ኪሎ ሜትር ግድም የሚሆን የመንደርና የተራራ መንገድ ዘግተው፣ በግንብ አጥርና በመብራት ምሰሶ መካከል ነው የሚፈተለኩት። ቤሪል ስዌይን በ1962 በ50 ሲሲው ውድድር ኢቶም በምትባል ጣሊያን ሠራሽ ትንሽ ሞተር ተሰለፈች። ቀደም ሲል በ1954 ኢንጌ ስቶል የምትባል ጀርመናዊት በሳይድካር ተሳፋሪነት ገብታ ነበር፤ ብቻዋን ሞተር ይዛ ቲቲ ላይ የተሰለፈች የመጀመሪያዋ ሴት ግን ስዌይን ናት። 22ኛ ወጣች።

ለመመለስ ስትዘጋጅ ለተወዳዳሪዎች ዝቅተኛ የሰውነት ክብደት ተደነገገ። እሷ ከዚያ በታች ነበረች። ፈቃዷን ተነጠቀች። ደንቡ ላይ «ሴት ስለሆንሽ» አልተባለም፤ የተጻፈው ኪሎ ብቻ ነው። ከእሷ በኋላ ሌላ ሴት ብቻዋን ሞተር ይዛ ቲቲ ላይ የታየችው በ1978 ነው፤ ሂላሪ መሰን ትባላለች። በመካከሉ 16 ዓመት አለፈ።

እኔን ያቆሰለኝ ከመከልከሏ ይልቅ ቁጥሩ ነው። 22ኛ! በየዓመቱ 20ኛ፣ 21ኛ፣ 22ኛ የሚወጡ ወንዶች ነበሩ። ቤታቸው ሄደው ሞተራቸውን ፈትተው፣ ካንዴላ ቀይረው፣ ፍሬናቸውን አስተካክለው በዓመቱ ይመለሳሉ። አንዳንዱ በሚቀጥለው 15ኛ ይወጣል፤ አንዳንዱ ዕድሜውን ሙሉ 20ኛ ሲወጣ ይኖራል፤ ማንም «ለምን መጣህ?» አይለውም። ቤሪል ስዌይን ያጣችው ይህንን ነው። ልጄ፣ ሴት ከወንድ እኩል ናት ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው ወንዶቹን ሁሉ አሸንፋ እንድታሳየው ነው። ካላሸነፈች «አላልኩም?» ይላል። እኔ እኩልነት የምለው 22ኛ ወጥቶ በዓመቱ መመለስ መቻልን ነው። ቦታሽን በድል መግዛት የለብሽም። ወንዶቹ አልገዙትም፤ ተሰጥቷቸው ነው የጀመሩት።

በእኛም ቤት ይህ ነገር አዲስ አይደለም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እየተባለ ነው ያደግነው፤ አያትሽም እናትሽም ይህንን እየሰሙ ነው የኖሩት። ተረት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፣ ሕግም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ፣ ሚስት ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። ያ የተቀየረው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ ነው። እናትሽና እኔ የተጋባነው በአሮጌው ሕግ ዘመን ነው። አንቺ የተወለድሽው በአዲሱ ነው። ሕጉ በአንድ ቀን ተቀየረ፤ የሰው አስተያየት ግን በአንድ ቀን አይቀየርም፣ እዚህም እዚያም።

ያም ሆኖ ሲቀየር አይቻለሁ። አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን ጋራዤ ውስጥ የነበረውን ክርክር አስታውሳለሁ፤ «እኔ እሷ በምታበረው አልሳፈርም» ያለ ሰው ነበር። በኅዳር 2008 ዓ.ም. አየር መንገዱ ከአብራሪዎቹ እስከ አስተናጋጆቹ ሴቶች ብቻ የሆኑበትን አውሮፕላን ወደ ባንኮክ አበረረ። ያ በረራ ደስ አሰኝቶኛል። የበለጠ ደስ የሚለኝ ግን አንዲት ሴት አብራሪ ማክሰኞ ሌሊት ወደ ጅማ ወይም ወደ ናይሮቢ በርራ ስትመለስ ማንም ዜና ሳይሠራባት ሲቀር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ሴቶች ለብቻቸው ለምን ይወዳደራሉ?

በሩጫ መልሱ ቀላል ነው። የወንድና የሴት ጉልበት ስለሚለያይ፣ የሴቶች ውድድር ባይኖር ደራርቱ ቱሉን አናውቃትም ነበር። እዚያም ቢሆን የተገኘው በትግል ነው። በ1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ፤ «ተዝለፈለፉ፣ አይችሉም» ተብሎ ርቀቱ ከኦሎምፒክ ተሰረዘና እስከ 1960 ድረስ ሳይመለስ ቀረ። 800 ሜትር ነው የምልሽ! የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው ገና በ1988 ሴኡል ላይ ነው። ደራርቱ ከአራት ዓመት በኋላ ባርሴሎና ላይ ወርቁን ስትወስድ ውድድሩ ራሱ ሁለተኛው ነበር። በቆጂ ላይ ከእሷ በፊት የነበሩት ሴት ልጆች ተመሳሳይ ሳንባ፣ ተመሳሳይ ዳገት ነበራቸው። ያልነበራቸው የሚሮጡበት ርቀት ነው።

የሞተር ነገር ግን ይለያል፣ አንቺም የተከራከርሽኝ በዚህ ነው። ሞተሩ ነው የሚሮጠው። እውነት ነው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ትልቁን የሞቶ ጂፒ ማሽን ከ300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ በፍሬን ስትይዢው የሰውነትሽ ክብደት ሁሉ በክንድና በትከሻሽ ላይ ይመጣል፤ ወንዶቹም ቢሆኑ ክንዳቸው ተሳስሮ ቀዶ ጥገና ያደርጋሉ። ትናንሾቹ ክፍሎች ላይ ደግሞ ቀላል ሰውነት ይጠቅማል፤ ለዚህ ነው በሞቶ 3 ነጂውና ሞተሩ አንድ ላይ ተመዝነው ከ152 ኪሎ እንዳያንሱ የተደረገው። ይህንን ልብ በዪልኝ። በስዌይን ጊዜ የተመዘነችው ሴትዮዋ ናት፤ ያነሰችው ተባረረች። ዛሬ የሚመዘነው ሁለቱ ተደምረው ነው፤ ያነሰ ሞተሩ ላይ ክብደት ይጨመርበታል፣ ወጥቶ ይወዳደራል። ሚዛን ያው ሚዛን ነው፤ ልዩነቱ ደንቡን የጻፈው ሰው ምን ፈልጎ እንደጻፈው ላይ ነው። አንቺ መሐንዲስ ነሽና አንድ ቀን ደንብ የምትጽፊ አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ።

እንግዲህ ጉልበት ዋናው ምክንያት ካልሆነ፣ ሴቶች ለምን ጥቂት ሆኑ? ታሪኩን ስትመለከቺ እያንዳንዷ ለብቻዋ ቆማ ነው የምታገኚያት። ፊንላንዳዊቷ ታሩ ሪነ በ125 ሲሲው በ1989 ሆከንሃይም ላይ 7ኛ ወጣች። ጃፓናዊቷ ቶሞኮ ኢጋታ በ1995 ብርኖ ላይ 7ኛ ወጣች። ጀርመናዊቷ ካትያ ፖንስገን በ2001 በ250 ሲሲው ሙጄሎ ላይ ነጥብ አገኘች። አንዷ ትመጣለች፣ ትቆያለች፣ ትሄዳለች፤ የሚቀጥለው ዓመት መነሻ መስመር ላይ የለችም። ከኋላዋ የምትከተል የለችም። ምክንያቱም የዚህ ስፖርት ዘር የሚዘራው ልጁ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው፣ አባቱ ትንሽ ሞተር ገዝቶ ቅዳሜና እሁድ ሜዳ ሲወስደው ነው። ሞተሩ የሚገዛው ለወንዱ ልጅ ነው። እህቱ አጥር ላይ ሆና ታያለች። ሃያ ዓመት ሲሞላቸው «ሴቶች አይችሉም» ይባላል። የጎደለው በሜዳ ላይ የተዞረ ዙር ነው።

አና ካራስኮ የተለየችው ከዚህ የተነሳ ነው። የሙርሲያ ልጅ ናት፤ በሕፃንነቷ ሞተር ላይ ወጣች። በ2013 ገና በ16 ዓመቷ በሞቶ 3 የዓለም ሻምፒዮና ነጥብ አገኘች፣ ቫሌንሲያ ላይም 8ኛ ወጣች። በ2017 ፖርቲማኦ ላይ፣ ወንድና ሴት አብሮ ይሰለፍበት በነበረው በሱፐር ስፖርት 300 ውድድር አንደኛ ሆነች። በ2018 የዚያው ክፍል የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በአንድ ነጥብ ልዩነት፣ በመጨረሻው ውድድር ማኚ ኩር ላይ። ለብቻቸው ሞተር ከሚነዱት ሴቶች መካከል ከወንዶች ጋር ተወዳድራ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። በ2020 በልምምድ ላይ እስቶሪል ወድቃ ጀርባዋ ተሰበረ፤ አከርካሪዋ በብረት ተያዘ። በዓመቱ ተመልሳ ሚሳኖ ላይ አሸነፈች። ያቺ የነገርኩሽ ሚሳኖ ናት፣ ከአንቺ ክፍል በባቡር የምትደርሽበት።

ይህች ሴት ነች እንግዲህ በ2024 የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ሲጀመር ገብታ የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደችው። ውድድሩ የተጀመረው በሰኔ ወር ሚሳኖ ላይ ነው፤ በዓመቱ ስድስት ዙር ነበረው፣ በየዙሩ ሁለት ውድድር። ሁሉም የሚነዱት አንድ ዓይነት ሞተር ነው፦ ያማሃ አር 7፣ ባለ 2 ሲሊንደር፣ 689 ሲሲ። ካራስኮን እስከ መጨረሻው ያስጨነቀቻት የአገሯ ልጅ ማሪያ ሄሬራ ናት፤ በ2025 ዋንጫው የሄሬራ ሆነ። ወንዶችን አሸንፋ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች ሴት የሴቶቹ ውድድር ውስጥ መግባት ካላሳነሳት አንቺን ምን ያሳንስሻል?

ይሁን እንጂ ጥያቄሽ ከንቱ አይደለም። ለብቻ የተሠራ ውድድር ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ ሴቶቹን ሰብስቦ «እናንተ እዚህ ሁኑ» ብሎ የሚያስቀምጥ ነው። ሌላው ዙር የጎደላቸውን ዙር የሚሰጥ፣ ቡድኖች እንዲያዩአቸው የሚያደርግ፣ አጥር ላይ የቆመችውን ትንሽ ልጅ «እኔም» የሚያሰኝ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በስሙ ወይም በመክፈቻው ቀን በተደረገው ንግግር አይደለም። ከዚያ ወጥተው ወዴት እንደሄዱ ቁጠሪ። ላይያ ሳንስ በሞተር መሰናክል የሚታለፍበት የሴቶች ትሪያል የዓለም ሻምፒዮና በ2000 ሲጀመር ገና በ14 ዓመቷ አሸነፈች፤ ደጋግማ በጠቅላላው ከ12 ጊዜ በላይ ወሰደችው። እዚያ ግን አልቀረችም። ወደ ዳካር ራሊ ወጣች፣ በ2015 በሞተር ብስክሌት ከሁሉም ተወዳዳሪዎች 9ኛ ሆና ጨረሰች። ዳካር ላይ ለሴት የተለየ በረሃ የለም። የሴቶቹ ሻምፒዮና ለእሷ ያደረገው ዓመታት ሙሉ በፋብሪካ ሞተር እየተለማመደች እንድታድግ ነው። አዲሱንም የሴቶች ሻምፒዮና በዚሁ መለኪያ ነው የምመዝነው፤ አምስት ስድስት ዓመት አልፎ ከእሱ የወጡ ልጆች በድብልቁ ክፍል መነሻ መስመር ላይ ካልቆሙ፣ ያኔ አንቺው ራስሽ በአደባባይ «ይህ አልሠራም» ብለሽ መናገር አለብሽ። እስከዚያው ግን በሩ ተከፍቷል፤ ግቢ።

ከዚህ በታች ያለው የአባት ምክር ነው፤ አንዳንዱ አይጥምሽ ይሆናል።

የዓለም ሻምፒዮን ትሆኛለሽ ብዬ አልሸነግልሽም። ሞተር ላይ በደንብ የወጣሽው አድገሽ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር መንዳት ስለተከለከለ የነዳሽው ከከተማ ወጥተን፣ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋሽ ነው። እዚያ የምታገኚያቸው ልጆች አንቺ ፊደል በቆጠርሽበት ዕድሜ ሜዳ ላይ ጉልበታቸውን አስፋልት ያስነኩ ናቸው። ስለዚህ ዓለም አቀፉን ለጊዜው ተዪው። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ተወዳዳሪ ሞተሩ ተካቶበት 25 ሺህ ዩሮ ትከፍል ነበር፤ ያንን እኔ ጋራዡን ብሸጥም አልደርስበትም፣ ከዚያ በላይ የሚያስከፍሉ ክፍሎች ደግሞ ሞልተዋል። ሜዳ ለሁሉም ክፍት በሚሆንባቸው ቀኖች ጀምሪ፣ ከዚያ የአገር ውስጥ ትናንሽ ዋንጫዎች አሉ። 22ኛ ውጪ። ተመለሺ። እንደገና 22ኛ ብትወጪም ተመለሺ።

ከትምህርትሽ የምታስቀድሚው ነገር አይኑር። ውድድር በአንድ ቀን በተሰበረ አጥንት ሊያበቃ ይችላል፤ የመሐንዲስ እጅ ግን እስከ ጡረታ ይሠራል። እንዲያውም ሴት ነጂዎች ከጎደሉበት በላይ ሴት መካኒኮችና ሴት የቴክኒክ ኃላፊዎች የጎደሉ ይመስለኛል። አንዲት ልጅ ስትነዳ ሱስፔንሽኑ ለክብደቷ ተስተካክሎ እንደሆነ፣ የፍሬኑ መያዣ ለእጇ ስፋት ቀርቦ እንደሆነ የሚያየው መሐንዲሱ ነው። ለ75 ኪሎ ወንድ የተስተካከለ ሞሌ 52 ኪሎ ሴት ሲቀመጥበት ይደርቃል፤ ጎማው መሬቱን በደንብ አይዝም፤ እሷም «ፈሪ ናት» ትባላለች። ይህንን በየገጠሩ ይሠሩ የነበሩ የግብርና ባለሙያ ሴቶችን ሞተር ስጠግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሞሌውን አላልቼ፣ መቀመጫውን ዝቅ አድርጌ ስሰጣቸው «ሌላ ሞተር ነው እንዴ?» ይሉኝ ነበር። አንቺም አጠገቤ ሆነሽ ቁልፍ ታቀብዪኝ ነበር። ያንን ሥራ እዚያ በኮምፒውተርና በመለኪያ መሣሪያ ትሠሪዋለሽ፤ ለማን እንደምትሠሪው ግን አትርሺ።

«ለሴት ጎበዝ ነሽ» ይሉሻል። ስድብ አይደለም፣ ብዙዎቹ ከልባቸው ነው የሚሉት፤ ስለዚህ አትጣይባቸው። ግን እንደ ምስጋና አትቀበዪው። «በስንት ሰከንድ ነው የዘገየሁት?» ብለሽ ጠይቂ። ሰከንዱን ከነገሩሽ አመስግኚ፤ ከዚያ የምትማሪው አለ።

ሞተር ውድድር ላይ ለብዙ ዓመታት መነሻ መስመር ላይ የምትታየው ሴት ጃንጥላ ይዛ ነጂውን ከፀሐይ የምትከልለው ነበረች። ፎርሙላ 1 ያንን በ2018 አቁሞታል፤ በሞተሩ በኩል ዛሬም ታዪዋለሽ። እነዚያን ልጆች አትናቂያቸው፤ እንጀራቸው ነው። ነገር ግን ስፖንሰር ነኝ ያለ ሰው ሁሉ ካንቺ የሚፈልገው ሰዓትሽን ይሁን ፎቶሽን ለዪ። ፎቶሽን ብቻ የሚፈልግ ዘንድሮ ከፍሎሽ ከርሞ ወደ ሌላ ፊት ይሄዳል። ውል ከመፈረምሽ በፊት ሞተሩ የስንት ዓመት እንደሆነ፣ ጎማ ስንት እንደሚሰጥሽ፣ ብትወድቂ ጥገናውን ማን እንደሚከፍል፣ የሕክምና ዋስትናሽ ምን ድረስ እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይኑርሽ። ሴት ተወዳዳሪን በአሮጌ ሞተር አሰልፎ «ይኸው፣ አልቻለችም» ማለት የቆየ ዘዴ ነው።

ጥቁር ነሽ፤ ኢትዮጵያዊት ነሽ፤ ሴት ነሽ። ጣሊያን አገር የቆዩ የአበሻ ልጆች የሚነግሩሽን ስሚ፤ በመንገድም በሥራም የሚገጥምሽ ነገር አለ። አንዳንዱ ቀን የትኛው ምክንያት እንደመለሰሽ እንኳ አታውቂውም። ሁሉንም ሰው አትጠርጥሪ፤ ግን የገጠመሽን በልብሽ ይዘሽ ብቻሽን አትክረሚ። ለእናትሽ መንገር ከከበደሽ ለእኔ ንገሪኝ። አልደነግጥም።

ስትወድቂም የሴትን ሁሉ ስም ተሸክመሽ አትውደቂ። ወንድ ሲወድቅ የወደቀው ራሱ ብቻ ነው፤ ጥፋቱን አይቶ ይነሳል። አንቺም ጥፋትሽን እዪ፦ ፍሬን አዘግይተሽ ነው? ጎማው ሳይሞቅ ነው? ማርሽ ስትቀንሺ የኋላው ጎማ ተንሸራቶብሽ ነው? ከዚያ ተነሺ። አንቺ የወደቅሽበት ቀን ስለ ሴቶች ምንም የሚናገረው የለም።

ሌሎቹን ሴቶች ደግሞ እንደ ባላንጣ ብቻ አትዪያቸው። መስመር ላይ ቅደሚያቸው፣ አትማሪያቸው። ከሜዳ ስትወጪ ግን የምታውቂውን አካፍዪ፤ በተለይ ካንቺ በኋላ የመጣችውን። ታሩ ሪነም ቶሞኮ ኢጋታም በየጊዜያቸው ይህንን የሚያደርግላቸው ሰው አጠገባቸው የነበረ አይመስለኝም።

አሁን ልዝጋው፤ እናትሽ ሻንጣውን እየመዘነች «ኪሎ አልፏል» እያለች ነው። በፖስታው ውስጥ ያለው ገንዘብ ሞተር መግዣ አይደለም። ሞተር ከመግዛትሽ በፊት ደህና ሄልሜትና ኤርባግ ያለው የውድድር ልብስ ግዢበት፤ ሞቶ ጂፒ ላይ ከ2018 ጀምሮ ያለዚያ ሜዳ መግባት ክልክል ነው፣ አንቺም ለራስሽ ያንኑ ደንብ አውጪ። የመጀመሪያ ውድድርሽ ቀን ሲታወቅ ቀደም ብለሽ ንገሪን። ስንተኛ እንደወጣሽ ጨርሰሽ ስትመጪ ደውዪልኝ፤ የሚቀጥለው ውድድርሽ መቼ እንደሆነም አብረሽ ንገሪኝ።

የሚወድሽ አባትሽ